ውሃ መጣ፣ ጥጃ ጠባ

መምህር እንግዳው የምንጃር ሰው ነው። ምንጃር ጤፍ ሞልቶ ውሃ የጠፋበት አገር ነው። እዚያ ውሃ የሚጠጣው በአህያ ግማሽ ቀን ተጉዞ፣ ተሰልፎ፣ ተጣልቶ፣ አንዳንዴም ተፈነካክቶ ነው። ስለዚህ የመምህራን ኮሌጁን ጨርሶ ምደባው ፎገራ መሆኑን ሲነግራቸው እናቱ እልል አሉ። "ልጄ ውሃ አገር ደረሰው" እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

የተመደበበት መንደር ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ ርብ ወንዝ ዳር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ የለውም። በበጋ ጓያና ሽንብራ፣ በክረምት ሩዝና ወባ ይበቅልበታል። ሰዉ ደግ ነው፣ እንግዳ ይወዳል፤ ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

"ስምህ ማነው መምህር?" ይሉታል።

"እንግዳው።"

"እሱማ ገብቶናል፤ ስምህን ነው እኮ የጠየቅንህ።"

ቀልዱ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ዓመትም ይቀለድ ነበር።

አምስተኛ ክፍልን ሳይንስ ያስተምር ጀመር። ከተማሪዎቹ ሁሉ ያስቸገረው አማረ የሚባል ልጅ ነው፤ በከብት ብዛት መንደሩን የሚበልጡት የአያ በላቸው አንድ ልጅ። አማረ ጥያቄ አያልቅበትም። "መምህር፣ ምንጃር ዓሣ ምን ይጠጣል?" ይላል። ምንጃር ዓሣ እንደሌለ ሲነገረው፣ "አሃ፣ በጥም አልቆ ነዋ" ይላል። እንግዳው ተናዶ ወደ ኋላ ወንበር ወሰደው፤ ጥያቄው ግን ከኋላም በደንብ ይሰማ ነበር።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መምህሩ ክረምቱን አገሩ ከርሞ መስከረም ላይ ተመለሰና ስም ጠራ። "አማረ በላቸው" ሲል መልስ አጣ።

"አማረ የለም?"

"ውሃ ወሰደው" አለ አንዱ ልጅ። "ታሞ ቀረ" በሚባልበት ድምፅ ነው ያለው።

"የት ሲሄድ?"

"ጥጃ ሊያመጣ።"

ሌላው ልጅ መምህሩን ያሳሰበው ነገር የገባው መስሎት፣ "ጥጃዋ መጥታለች" ብሎ ጨመረለት።

እንግዳው የቀረውን ከሰው ጠይቆ ተረዳ። በዚያ አገር በክረምት ከብቱ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የምትታለበው ላምና ጥጃዋ ግን ቤት ይቀራሉ። ጥጃ ከናቷ ተለይታ ሜዳ ትግጣለች። ወንዙ ሲሞላ አዋቂው እህሉን ወደ ቆጥ ያወጣል፣ ልጅ ጥጃ እንዲያመጣ ይላካል። ማንም ተሰብስቦ የወሰነው ነገር አይደለም። ልጅ ሯጭ ነው፣ ጥጃዋ የት እንደምትግጥ ያውቃል፣ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል።

እንግዳው በጣም ተናደደ። በማን እንደሚናደድ ስላላወቀ ንዴቱ ቶሎ አልበረደለትም። ልጁን ከፊት ወንበር ያነሣሁት እኔ ነኝ እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ፤ ወንበሩና ወንዙ ምን እንደሚያገናኛቸው ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም። አንድ ነገር ግን ቆረጠ፦ ከዚህ ክፍል ሌላ ልጅ ውሃ አይወስድም።

ዘመኑ ደግሞ የክበብ ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ፣ ልማቱም ጤናውም በክበብና በኮሚቴ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህሩ የክበቡ ስም ረዘም ይበል እንጂ ለማንኛውም ክበብ ፈቃድ አይከለክሉም። እንግዳውም "የአየር ንብረት ለውጥና የጎርፍ አደጋ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሕፃናትና ወጣቶች ክበብ" አቋቋመ። ሰሌዳው አልበቃ ስላለ "ክበብ" የሚለው ቃል ግድግዳው ላይ ተጻፈ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጆች በተራ ጉብታው ላይ ይሆናሉ፤ ውሃውን ከሩቅ ሲያዩ ይጮኻሉ፤ መንደሩ ሁሉ ወደ ጉብታው ይወጣል፤ አንድም ልጅ ወደ ታች አይወርድም። የቀረው ምን ተብሎ ይጮህ የሚለው ብቻ ነበር። "ጎርፍ" እንዳይባል፣ ጎርፍ እዚያ አገር ዝናብ በዘነበ ቁጥር በቦይ የሚወርድ ነገር ነው፤ ለሱ ብሎ ከመደቡ የሚነሣ የለም። "ወንዙ ሞላ" እንዳይባል፣ ክረምቱን ሙሉ የሚባል ወሬ ነው። እንግዳው አሰበና "ውሃ መጣ!" ይባል አለ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው።

ምንጃር ውስጥ ሰው ወደ ውሃ ይሄዳል እንጂ ውሃ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ መምህሩ ይህ ቃል ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ አልጠረጠረም።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ የመጀመሪያው ልምምድ ሆነ። እሱባለው የሚባል የአንድ ፕሮጀክት ባለሙያ ሊታዘብ ከወረታ በሞተር መጣ። ልጆቹ ጉብታው ላይ ተሰልፈው በአንድ አፍ "ውሃ መጣ!" ብለው ጮኹ። መንደሩ እንዳለ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እንግዳው ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ፤ እሱባለውም ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ታች መሮጥ ጀመረ።

ወንዙ ዳር፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ የቦኖ ውሃ ተተክሏል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲያገኝ ውሃው ይመጣል፣ ሲያጣ ይጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ሴቱ ጄሪካን፣ ወንዱ በርሜል፣ ሕፃኑ ኮዳ ይዞ ተግተለተለ። ከፋሲካ ወዲህ ከደጃቸው ወጥተው የማያውቁት መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሐና ሳይቀሩ ቅላቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። ጉብታው ላይ የቀረው ክበቡ ብቻ ነበር።

"ተሳትፎው ከፍተኛ ነው" አለ እሱባለው፣ ቁልቁል እያየ። "አቅጣጫው ላይ ትንሽ ክፍተት አለ።"

ሴቶቹ ወረፋቸውን ላለማስነጠቅ እስኪመሽ ደረቁ ቦኖ ሥር ቆሙ። ሲመለሱ፣ ገላነሽ የምትባለው ዶሮ አርቢ ባዶ ጄሪካኗን መምህሩ እግር ሥር ዱብ አደረገችው።

"መምህር፣ በውሃ አይቀለድም።"

"እኔም የምለው እሱን ነው" አለ እንግዳው። ማንም አልሳቀለትም።

ሌላ ጥሪ ተፈለገ። ደወል እንዳይሆን፣ ቄሰ ገበዙ "ደወሉ የታቦቱ ነው፣ ልምምድ አያውቅም" አሉ። ኡኡታ ይሁን ሲል ደግሞ ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ኡኡ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው፤ ሳይሞት ኡኡ ማለት ሞቱን ና ብሎ መጥራት ነው። መምህሩ መላው ሲጠፋው ልጆቹን ሰብስቦ ጠየቃቸው።

"እናታችሁ ምን ስትሰማ ነው የያዘችውን ሁሉ ጥላ ብድግ የምትል?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ነፃነት የምትባል ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

"ጥጃ ጠባ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለምንጃሬው ማስረዳት ግድ ሆነ። ላሟ ሳትታለብ ጥጃ አምልጣ እናቷን ከጠባች የማታው ወተት የለም፣ ቅቤውም የለም፤ ስለዚህ ሴቲቱ ሊጡንም ለቅሶውንም ጥላ ትሮጣለች። ተሞከረ። አንድ ልጅ ከጉብታው ላይ "ጥጃ ጠባ!" ብሎ ጮኸ፤ መንደሩ፣ የማን ጥጃ እንደሆነች ሳይጠይቅ፣ የጠባቂውን ልጅ ዘር ማንዘር እየተራገመ ሽቅብ ወጣ። ቄሰ ገበዙም ጭምር።

ነፃነት የባየች ልጅ ናት። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ ቀርቷል። ላማቸውን አባ ሰንጋ ገድሏታል፤ ባየች የሰው ሩዝ እያረመች ነፃነትንና ትንሹን ልጇን ታሳድጋለች። ይህን የማያውቅ መንደር ውስጥ አልነበረም። አውቆ ያሰበበት ግን አልነበረም፤ መምህሩም ጭምር።

ጥሪው ተገኘ። ጥጃዋስ? መምህሩ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ የታሰረች ጥጃ ትፈታ፣ ሜዳ ያለችው እዚያው ትቅር፣ ልጅ ግን ወደ ላይ ይውጣ አለ። ጉርምርምታ ተነሣ።

"መምህር" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ "አንተ ላም አለችህ?"

"የለችኝም።"

"እህ" አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ክርክሩ በዚህ ያለቀ መሰለ።

ከኋላ አያ በላቸው ተነሡ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በስብሰባ ተናግረው አያውቁም።

"የኔዋ ጥጃ መጥታለች" አሉ። "ጊደር ሁናለች። ላያት አልወድም።"

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት እያየ የመምህሩን ሐሳብ ተቀበለ።

አማረ ከሞተ ዓመቱ ዞሮ ክረምት ሲገባ እንግዳው አገሩ አልሄደም። እናቱ ሚስት ያገባ መስሏቸው ተቆጡ። ልጆቹ ከሐምሌ ጀምሮ ጉብታው ላይ በተራ ሲቀመጡ ከረሙ፤ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ሰው ወተት በናፈቀበት ሰሞን፣ ውሃው መጣ።

ፀሐይ ነበረ። የፎገራ ውሃ ጠባዩ ይህ ነው፤ ዝናቡ ጉና ላይ ይዘንባል፣ ውሃው እዚህ ይመጣል። ተረኛዋ ነፃነት ነበረች። ከሩቅ የሩዙ አረንጓዴ እያጠረ፣ ቡናማ ነገር እየረዘመ ሲመጣ አየች። ቆማ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች።

"ጥጃ ጠባ! ኧረ ጥጃ ጠባ!"

መንደሩ ወጣ። ጥጆቹ ተፈቱ፤ ከሰውም ቀድመው ጉብታው ላይ ደረሱ። ወደ ሜዳ የተላከ አንድም ልጅ አልነበረም። እማሆይ ወለተ ሐናን ጎረቤታቸው አዝሎ አወጣቸው። እንግዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆሞ የክፍሉን ልጆች እየቆጠረ ስም ይጠራል፤ "አለሁ" የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ቀለል ይለዋል። ሁሉም አለሁ አሉ። ነፃነት ግን ኮቱን ጎተተችው።

"እማዬ አልመጣችም።"

"አልሰማች ይሆናል።"

"ትሰማለች። ግን እኛ ጥጃ የለን።"

መምህሩ ያኔ ነገሩ ገባው። ሲገባው ፊቱ ጋለ። ላም የለህምና አይመለከትህም የተባለው ሰው ራሱ፣ ላም ለሌላት ሴት የማይመለከታት ጥሪ አስተምሮ ነበር። ባየች ወባ ይዟት ከትንሹ ልጇ ጋር ተኝታለች፤ ጩኸቱን ሰምታ፣ ትኩሳቱ የጥሪውን ነገር አስረስቷት፣ የባለ ጥጃ ነገር ነው ብላ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ቤቷ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ውሃው ደጃፉን ሲልስ ከጉብታው ላይ ይታያል።

ነፃነት ልትወርድ ስትል እንግዳው ክንዷን ያዘ። "ልጅ አይወርድም!" ብሎ ጮኸባት፤ እንደዚያ ጮኾባት አያውቅም። ጫማውን አውልቆ እሱ ራሱ ወረደ። በሕይወቱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሰው ነበርና ጉልበቱ ላይ ሲደርስበት ቆመ። አያ በላቸው ምንም ሳያወልቁ አልፈውት ሄዱ። ግን ሩቅ ነው፤ "ባየች! ኧረ ባየች!" ቢሉ ወፍራም ድምፃቸውን የውሃው ድምፅ ይውጠዋል። ቢሰማ እንኳ፣ ወንድ ስለተጣራ ብቻ ሴት ታማ ከተኛችበት አትነሣም።

በዚህ ጊዜ ከላይ ውሃው የማይውጠው ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ስንዴ መጣ! እማዬ፣ ስንዴ መጣ!"

የባየች በር ተከፈተ።

ራሷን በሻሽ አስራ፣ ልጇን አዝላ፣ ባዶ ጆንያ በብብቷ ይዛ ወጣች። ውሃውን አየች። አምናም የእርዳታ ስንዴ የታደለው ሰዉ ውሃ ውስጥ ተሰልፎ ነበርና አልገረማትም። ገብታ መራመድ ጀመረች። አያ በላቸው መንገድ ላይ አገኟት፤ ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈትተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

"አለቀ እንዴ?" አለቻቸው፣ እያለከለከች።

አያ በላቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"አላለቀም" አሉ። "ቶሎ ነይ እንጂ።"

ጉብታው ላይ ያሉትም ሴቶች ስንዴ ሲባል ሰምተው ዞር ዞር ማለት ጀምረው ነበር፤ ገላነሽ "መዝጋቢው ወዴት ነው?" እያለች ትጠይቃለች። ባየች ወገቧ ድረስ ረጥባ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ደረሰች። ጆንያውን ከፈተች።

"ሰልፉ በየት በኩል ነው?"

 ሰዉ ሁሉ ለባየች መንገድ ለቀቀና ነፃነት ብቻዋን ፊት ለፊቷ ቀረች።

"የለም እማዬ። እኔ ነኝ ያልሁት።"

ባየች ልጇን አየቻት። ከዚያ ሰዉ ወደሚያይበት ዞረች። ቤቷ በአንድ ጎኑ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እያየችው ግድግዳው ወረደ፣ ጣሪያው ውሃው ላይ ተቀመጠ። ተመልሳ ነፃነትን በጥፊ መታቻት፤ ቀጥላ አቀፈቻት። ሁለቱንም ያደረገችው በአንድ እጇ ነው፤ በሌላው ጆንያውን እንደያዘች ነበር።

እንግዳው ከውሃው ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዶ አለቀሰ። ደስታም ነበር፣ እፍረትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየውም። ሲጨርስ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ፤ የሚታጠብበት ውሃ እንኳ በዝቶለት ነበር።

መስከረም ላይ እሱባለው በደስታ መጣ። "ጥጃ ጠባ" በምርጥ ተሞክሮነት ተይዟል፣ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ይሰፋል አለ። እንግዳው አይሰፋም አለው።

"ለምን? ሠርቷል እኮ!"

"ጥጃ ላለው ሠርቷል።"

እሱባለው ይህን ክፍተት ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። እንግዳው ግን ክበቡን ይዞ ቤት ለቤት ወጣ። የሚጠይቁት ልጆቹ ናቸው፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ይሰማል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ውሃ ሲመጣ ለእናንተ ምን ብለን እንጩህ? ሕጉም አንድ ነው፦ ድሃ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ኩርፍተኛ ነው ተብሎ የሚታለፍ ቤት የለም።

ገላነሽ "ጭልፊት በሉኝ" አለች፤ ነፍሷ ጫጩቶቿ ጋ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ የኖረው አንዳርጌ፣ "ድንበሩ ተገፋ በሉኝ፣ ሙቼም ቢሆን እነሣለሁ" አለ። እማሆይ ወለተ ሐና ምንም አትበሉኝ፣ የሚያዝለኝን ሰውዬ ብቻ ቀስቅሱልኝ አሉ። ባየች ሰዎች ተባብረው በሠሩላት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። "ስንዴስ ከእንግዲህ አላምናችሁም" አለችና ሳቀች፤ መምህሩ ስትስቅ ያያት ያን ቀን ነው። "ነፃነት ትጥራኝ። በስሜ ትጥራኝ፤ የሷን ድምፅ አውቀዋለሁ።"

አያ በላቸው ቤት ሲደርሱ ከልጆቹ አንዱ፣ እዚህ ጥጃ ሞልቷል፣ መጠየቅ አያስፈልግም አለ። ነፃነት ግን ሕጉን አስታውሳው ገባች። ሰውዬው ደጅ ቁጭ ብለው ቀንበር ይጠርባሉ።

"አያ በላቸው፣ ውሃ ሲመጣ ምን እንበልዎ?"

"ጥጃ ጠባ አትበሉኝ።"

"እሽ። ታዲያ ምን እንበልዎ?"

መጥረቢያቸውን አሳረፉ። ፍቅፋቂውን ከቀንበሩ ላይ በመዳፋቸው ጠረጉ። 

"አማረ መጣ በሉኝ" አሉ።

ልጆቹ ዞረው መምህሩን አዩ። 

"እሽ አያ" አለች ነፃነት፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።